የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው

መስከረም ስምንት

ለእህቴ ለሚጣ፤ ባለሽበት ቤት ጤናና ሰላም ከደጃፍ እስከ ጓዳ ይሙላልሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እኔ ደህና ነኝ፣ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ከሦስታችን የምታቃስተው እሷ ብቻ ናት።

አሁን ቁጭ በይ። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ መውደቅሽ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ! በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ! በፖስታ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጽፍልኝ የኖረውን ጸሐፊ ከዛሬ ጀምሮ አሰናብቼዋለሁ። ሲያየኝ እንደ ልማዱ በርጩማውን ጠረግ ጠረግ አደረገልኝ፤ እኔ ግን ቴምብሬን ገዝቼ በፊቱ ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ። የማታ ትምህርቱን የፊደል ክፍል አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። እርግጥ ነው የነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን፣ ከአሥራ አንዱም አራቱ መነጽራቸውን ቤት እየረሱ ይመጣሉ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህሩ «መስመርህ እንዲህ ቀጥ ያለው ልብስ ሰፊ ስለሆንክ ነው» አለኝ። ከሁሉ የወደድኩት አራት ነጥብን ነው። ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ አይመስልም? አንድ ነገር ተናግሬ ስጨርስ ቁልፍ እተክልበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይከፍተውም። ቁጥር ገና በኅዳር እንጀምራለን። እሱን እንኳ ለወጉ ነው የምማረው። ለእኔ ቁጥር ምን ይሠራልኛል? ዓይኔ ሜትር ነው። ሰው በሩን አልፎ እስኪቀመጥ ደረቱንም ወገቡንም ለክቼ ጨርሻለሁ።

ሰፈሩ አሁን ስም አውጥቶልኛል። «ጋሽ ቁልፍ-ብቻ» ነው የሚሉኝ። ለምን መሰለሽ? ደንበኛ ብቅ ሲል እጄ የገባውን ልብስ ላፍ አድርጌ «ያንተን እኮ ነው የያዝኩት! ይቅርታ ወንድሜ፣ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው» እለዋለሁ። የያዝኩት የሴት ቀሚስ ሊሆን ይችላል። ባለፈው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለአንዲት ሱሪ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። በስድስተኛው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበር ሳደርግለት፣ ሰውየው ራሱ «ይቅርታ ጋሼ፣ አስቸገርኩህ» ብሎኝ ወጣ። ይሄ ሙያ አይደለም?

የእማዬን ካፖርት በተመለከተ፣ ጸሐፊው በየደብዳቤው የጻፈልሽ እውነት ነው። የላክሽው ሰማያዊ ሱፍ አምሮበት ተሰፍቷል፣ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው። ስለ መዘግየቱ ከልብ ይቅርታ።

በክረምቱ እመጣለሁ ብለሽ ቀረሽ። እማዬ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች። ምን ልበላት?

ፊደል የቆጠረው ወንድምሽ


ጥቅምት 20

ለማከብርህ ወንድሜ፤ ይህ ደብዳቤ አንተንም እማዬንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ! ፖስታው ላይ የማላውቀው የእጅ ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ከዚያ የአንተ መሆኑን ሳውቅ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ጮኼ ሳቅኩ። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበችብኝ፤ በማግስቱ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ደግሞ «ይቅርታ የኔ እህት» አለችኝ። አሁንም ትደበድባለች።

ሥራ ቀይሬያለሁ። ከማጠቢያ ቤቱ ወጥቼ ምድጃና ማቀዝቀዣ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ፣ ቅሬታ ክፍል ገብቻለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጥቁር ክላሰር አለ፣ ውስጡ አሥራ አራት የይቅርታ ደብዳቤዎች በቁጥር ተቀምጠዋል። ዕቃው ለዘገየበት ሰው ሦስት ቁጥር ይላካል፣ ተሰብሮ ለደረሰው አምስት ቁጥር። የእኔ ሥራ ስሙን መሙላትና ማተም ነው። በቀን እስከ ሰባ ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንተ ከምትፎክርብኝ እኔ ልፎክርብህ እችላለሁ ማለት ነው።

በክረምቱ ያልመጣሁት ፈቃድ ስላልተመቸኝ ነው። ለደረሰባችሁ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። በጥር ለመምጣት አስባለሁ። እስከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ እማዬ ካፖርቱን ለብሳ፣ ቆማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ ሚጣ


ኅዳር 14

ለእህቴ ለሰባ ሰው ይቅርታ ጠያቂዋ፤ ጉልበትሽ ይጽና፣ ጣትሽ አይዛል። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን እኔው አነበብኩት፣ ማንም ሳይረዳኝ። አንድ ጊዜ «ክላሰር» የሚለው ላይ ተደናቅፌ ነበር፤ ተነስቼ አለፍኩት።

ለእማዬም አነበብኩላት። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን ወፍራም አድርጌ። ደስ አላት። «ሌላም አንብብልኝ» ስትል የድሮዎቹን ደብዳቤዎችሽን ከቆርቆሮ ሳጥኑ አወጣሁና አንዱን አነበብኩላት።

«ይሄን አሁን አነበብከው እኮ» አለች።

«ኧረ ይሄ ያምናው ነው።»

«ታዲያ ምነው አንድ ሆነ?»

ስድስቱን ደብዳቤዎችሽን ብርድ ልብሱ ላይ ደረደርኳቸው። አንቺ የተማርሽ ሰው ስለሆንሽ ፈጥነሽ ታነቢያለሽ፣ አይታይሽም። እኔ ግን ገና እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ነው የማልፈው። «ለደረሰባችሁ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።» በስድስቱም ላይ አለ። አንዲት ነጥብ አልተጨመረችም፣ አንዲት አልጎደለችም። ማጠቢያ ቤት ሳለሽ የጻፍሻቸው ላይ ሳይቀር! ያኔም ክላሰሩ ነበረሽ እንዴ? ስንት ቁጥር ነን እኛ?

ቀልዴን ነው። እማዬ ግን አልሳቀችም። «ይቅርታ ትላለች፣ ስለ ምን እንደሆነ ግን አትልም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አንተም እንደዚሁ ነህ» አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ?

ፎቶ አንሺው ማሽኑ ተበላሽቶበታል። ከልብ ይቅርታ። እማዬ ትንሽ እንቅልፍ አብዝታለች፣ ሌላ ምንም የለባትም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ጋሼ፤ ሰላምና ጤና ለአንተም ለእማዬም።

ደብዳቤህ አናዶኝ ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። በሦስተኛው ቀን ጥያቄህን ልመልስልህ ወሰንኩ። ዘጠኝ ቁጥር ናችሁ። ዘጠኝ ቁጥር ምንም ሊደረግለት ላልታሰበ ሰው የሚላክ ነው። ከማጠቢያ ቤቱ ዘመን ጀምሮ የነበረኝ፣ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ስገዛ ከዚሁ ድርጅት ለእኔው ስለተላከልኝ ነው። ቃሉ አማረኝና ለእናንተ ገለበጥኩት። ፈቃድ ጠይቄ ተከልክዬ አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ተራው የአንተ ነው። እኔም ደብዳቤዎችህን ደረደርኳቸው። ካፖርቱ «የቀረው ቁልፍ ብቻ» ከሆነ ዓመት ከሁለት ወር አለፈው። አራት ቁልፍ ለመትከል! ይሄ ያንተ ዘጠኝ ቁጥር አይደለም?

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፣ እባክህ ሳትቀልድ መልስልኝ። እማዬ እንዴት ናት? አሁን ገና ጠይቄ ከጥር 15 ጀምሮ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። አለቃዬ ግን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቀያይሬ በየካቲት 25 እንድወጣ እየለመነኝ ነው። እማዬ ደህና ከሆነች እቀይርለታለሁ። ካልሆነች በጥር እመጣለሁ። የምትለኝን ነው የማደርገው።

ሚጣ


ታኅሣሥ 27

ለተከበረችው እህቴ፤ የሰማይ ጤና የምድር ምቾት ይዝነብልሽ! እዚህ ሁሉም አማን ነው።

ምን ያስጨንቅሻል? እማዬ ምን ትሆናለች? ከእኔ በላይ ትቀልዳለች። ለአለቃሽ እሺ በይው፣ ሰው ሲለምን እሺ ማለት መልካም ነው። የካቲት ይሻላል፣ አየሩም ሞቅ ይላል፣ ካፖርቱም ቁልፉ ተተክሎ ተተኩሶ ይጠብቅሻል። ስለ መዘግየቱ ከልብ፣ ከልብ ይቅርታ።

ቁጥርም ተምሬያለሁ! እስከ መቶ ያለ ምንም እርዳታ። መምህሩ «ዘልለህ አትቁጠር» ይለኛል፤ ፈጣን ስለሆንኩ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። ከዚያ ከሰማያዊው ሱፍ ግማሽ ሜትር ታገኚ ይሆን? ለኮሌታው ነው። ድርብ ኮሌታ ላደርግላት አምሮኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ቶሎ ብትልኪው።

ወንድምሽ


ጥር 16

ጋሼ፤ ፈጣሪ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ባልከኝ መሠረት ቀይሬያለሁ። ቲኬቴ የየካቲት 25 ነው። ጨርቁን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ያንኑ ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ።

የእማዬ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። «ስለ ምን እንደሆነ ግን አትልም።» አሥራ አራቱን ይቅርታ ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፣ አንዱም ልኳ አልሆነም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እኔው ጻፍኩት። አንተ አንብብላት፣ አሁን ትችላለህ። የዜና አንባቢ ድምፅ አታድርግ።

እማዬ፤ ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ነው። ጫማ አሠርቼ ልመለስ ብዬሽ ወጣሁ። የሚሠራ ጫማ አልነበረኝም፤ ቦርሳው ውስጥ የነበረው ልብሴ ነው። «ስትመለሺ እግርሽን የምትታጠቢበት ውሃ አሙቄ እጠብቅሻለሁ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ብነግርሽ አትከለክይኝም ነበር፤ ታለቅሺ ነበር፣ እሱን ማየት አልፈለግኩም። ከዚያ በኋላ ልመጣ ባሰብኩ ቁጥር ያ ውሃ ፊቴ ላይ ይመጣል። ፈቃድ አጥቼ አይደለም የቀረሁት፣ ዓይንሽን ፈርቼ ነው። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለዚህ ነው። ስመጣ በራሴ አፍ እደግመዋለሁ።

ሚጣ


የካቲት 9

ለእህቴ። ፈጣሪ ያጽናሽ።

በቴሌግራሙ ሦስት ቃል ብቻ ነው ያስላክሁት፤ «እማዬ ትናንት አረፈች።» የቀረውን በራሴ እጅ መጻፍ አለብኝ ብዬ ነው። ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሁሉ ቀልድ ነበር።

እማዬ ከአምና ጀምሮ ታማ ነበር።

የመጀመሪያው ጨርቅሽ አምና በደረሰ ማግስት ቆረጥኩት። ልኳን አልወሰድኩም። እኔ የማንንም ልክ ወስጄ አላውቅም። ሜትሩ አንገቴ ላይ የኖረው ለጌጥ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ስለማልችል ነው «ዓይኔ ሜትር ነው» ስል የኖርኩት። ደንበኞቼ የሚመላለሱትም ለዚህ ነው፤ አንዱን ልብስ ሦስት ጊዜ እየተረተርኩ እየሰፋሁ ነው ልካቸው ላይ የምደርሰው። የእማዬን ካፖርት የቆረጥኩት በልቤ በማውቃት እናታችን ልክ ነበር፤ አንቺን አዝላ፣ እኔን በአንድ እጇ ጎትታ፣ በሌላው ባልዲ ይዛ ደረጃውን በምትወጣዋ። ሳለብሳት ዋጣት። ሳቀች። «ሌላ ሰው ይጨመርበት እንዴ?» አለች። እኔም ሳቅኩ። ከኮሌታው መሀል አንገቷን ያየሁት ያኔ ነው። በየቀኑ አጠገቧ ውዬ እያደርኩ፣ መክሳቷን ያየሁት በዚያ ቀን ነው።

ተረተርኩት። ተናድጄ ስለነበር ከትከሻው አብዝቼ ቆረጥኩ፣ ጠበበ። ጨርቁ አለቀ። «የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው» ብዬ አስጻፍኩ። አንዴ ካስጻፍኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ቁጥር ስንማር ለመጀመሪያ ጊዜ በሜትር ለካኋት፣ ልኳን ከመኪናዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩት። ሰፍቼ ሳመጣላት ልኩ ሌላ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ሐኪሙ «ልጆች ካሏት ይምጡ» ብሎኝ ነበር። አንቺም በግልጽ ጠየቅሽኝ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ግን በጥር ብትመጪ የምታገኚው የተቀዳደደ ካፖርት ነው። ወንድምሽ አለመቻሉን ልታዪ ነው። አንድ ወር ባገኝ አስተካክለዋለሁ አልኩ። እማዬ እንዳትነግራት ብላኝ ነው የሚል ሰበብ ለራሴ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችኝም። የምትለው «መቼ ነው የምትመጣው?» ብቻ ነበር፣ እኔም «በጥር» ካልኳት በኋላ «በየካቲት» አልኳት። «እሺ» አለች። ወር ሲቀያየርባት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ደብዳቤሽና ጨርቁ የደረሱት ባረፈች በአምስተኛው ቀን ነው። ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፣ አታድርግ ያልሽኝን ድምፅ ሳላደርግ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ከአሁን በኋላ ልደብቅሽ ስለማልችል። አንቺ የወጣሽ ቀን ውሃውን ሦስት ጊዜ አሙቃዋለች። ከዚያ እኔን ጠርታ እግሬን አጠበችኝ።

ስለ ካፖርቱ አይደለም ይቅርታ የምጠይቅሽ። በጥር ብትመጪ በሕይወት ታገኚያት ነበር። እንዳታገኚያት ያደረግኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያደረግኩት። ስለዚህ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 2

ጋሼ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

ቴሌግራሙ የመጣ ቀን አለቃዬ «ከልብ አዝናለሁ» አለኝ። ሲናገር ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው የፈረቃ ሰሌዳ አልተነሣም፤ ማን በእኔ ቦታ እንደሚገባ እየፈለገ ነበር። አልተቀየምኩትም፣ እኔም ስንቱን እንዲያ ብዬ ሸኝቻለሁ። ቲኬቱን መለስኩት። ወደ ማን ልምጣ?

ጠዋት ክላሰሩን ከፍቼ ላንተ የሚሆን መልስ ፈለግኩ። አሥራ አራቱም ይቅርታ ለሚጠይቅ የተጻፉ ናቸው። ለሚጠየቀው የተጻፈ አንድም የለም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ብጽፍ ዛሬ ዘጠኝ ቁጥር ነው የሚሆነው፣ አንተ ደግሞ አሁን ማንበብ ትችላለህ፣ ታውቅብኛለህ። ስለዚህ አልጻፍኩም። መቼም አልጽፍም ማለቴ አይደለም።

የእኔን ደብዳቤ እሷ አልሰማችውም። ያ የአንተ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ።

አንድ ነገር ላክልኝ። ግድግዳው ላይ የጻፍከውን ልኳን፣ ሳይጠፋ። ሰላምታ አታስቀድምበት፣ አትቀልድበት፣ ይቅርታም አትጨምርበት። ላያት አልቻልኩም፣ ምን ያህል እንደነበረች ግን ልወቅ።

ሚጣ


መጋቢት 21

ታኅሣሥ 20። ደረት ሰማንያ አንድ። ወገብ ሰባ አራት። ትከሻ ሠላሳ ስድስት። እጅጌ ሃምሳ አራት።

ጥር 8። ደረት ሰባ ሰባት። ወገብ ስድሳ ዘጠኝ። ትከሻ ሠላሳ አምስት። እጅጌ ሃምሳ አራት። ግድግዳ ተደግፋ ነው የለካኋት።

ጥር 24። ደረት ሰባ ሁለት። ወገብ ስድሳ ሦስት። ትከሻ ሠላሳ አራት። እጅጌ ሃምሳ አራት። ተኝታ ነው። ሜትሩን በጀርባዋ ሳሳልፈው ለማንሳት አልከበደችኝም።

የካቲት 1። ጠዋት ሜትሩን ይዤ ገባሁ። አልለካሁም።

የእጅጌዋ ልክ አንድም ቀን አልተለወጠም።

ካፖርቱ ገበር የለውም። ኮሌታ የለውም። ግራ እጅጌው አልተገጠመም። የቀረው ቁልፍ ብቻ አልነበረም።